ሙሉኽያ የጾም ነው ወይ?

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለወርቅአፈራሁ፤ ባለሽበት ሮተርዳም።

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናሽን ነገር እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ዳገት ስወጣ ብቻ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ቤታችን ዳገት ላይ ነው። እናትሽ እናትነሽ ደህና ናት። ልጅሽን ሐምራዊትን ግንባሯን ሳሚልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቁስቋም ማኅበራችን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረው ጉዞ ዘንድሮ ሊሳካ ነው። ኅዳር 6 ቀን ግብፅ አገር፣ ደብረ ቁስቋም ገዳም ለንግሡ እንደርሳለን። አርባ ሁለት ሰው ነን፤ እናትሽም አለችበት። የሚገርመው አውሮፕላኑን የፈራ ሰው የለም፤ ሁሉም የፈራው ምግቡን ነው። ጉዞው በጽጌ ጾም ላይ ስለሚውል ሴቶቹ በሶና ድርቆሽ በሻንጣ ሊሸከሙ ከወዲሁ ተማምለዋል። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ አበጋዝም «አንተ መምህር ነህ፤ ተጓዡ ግብፅ ውስጥ ምን ይብላ፣ ምኑን ይለፍ የምትል ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅ» ብሎ ጫነብኝ።

እኔ ስለ ግብፅ የማውቀው ዓባይ እዚያ መድረሱን ብቻ ነው። አንቺ ግን ስድስት ዓመት ካይሮ ሆቴል ሠርተሻል። የየምግቡን ስም፣ ከምን እንደሚሠራ፣ የጾም ይሁን የፍስክ ለይተሽ ጻፊልኝ። በእጅሽ ጻፊና በአቶ አበጋዝ ስልክ ፎቶውን ላኪው፤ እኔ ስልኬ ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የለውም። በአፍ የተነገረ ነገር አይታተምም፤ በጽሑፍ ይሁን።

የሚወድሽ አጎትሽ
አድማሴ


ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሽ አድማሴ፤

የጉልበትዎን ነገር ሳነብ ዳገቱ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ እግዚአብሔር ይማርዎት። እኛ ደህና ነን። እዚህ አገር ደህና ማለት ደክሞታል ማለት ነው፤ ሰው ደከመኝ ካለ ሥራም ቤትም አለው። በዚህ ከሄድን እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬ አሁንም ታውስዞርኽ የሚሉት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። ጠዋት ዴን ሃግ አራት ሰው ከአልጋ አንስቼ ነው ይህን ባቡር ውስጥ የምጽፍልዎት። ፊደሌ ቢዘል ባቡሩን ይቅጡልኝ።

መጀመሪያ ፉል። እናውቀዋለን ብለው እንዳያልፉት። የእነሱ ባቄላ ደቃቅ ነው፤ አንገቱ በጠበበ ማሰሮ ከነልጣጩ ቀስ ብሎ ሲበስል ያድራል። ቅቤ አይነካውም፤ ዘይት፣ ሎሚና ከሙን ነው። ባቄላው ውስጥ ጥርስ የሚሰብር ጠጠር አይጠፋም፣ ሁለቴ መልቀም ነው።

ጣዕሚያ የሚሉት ደግሞ የባቄላ ክክ ተዘፍዝፎ፣ ከድንብላል ቅጠልና ከእንስላል ጋር ተፈጭቶ የሚጠበስ ነው። ሲቆርሱት ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ኮሸሪ ሲቀርብላችሁ ቤት ውስጥ የተረፈ ሁሉ አንድ ሳህን ላይ የተደፋ ይመስላችኋል። ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ነው፤ ላዩ ላይ የቲማቲም ስልስ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ኮምጣጤና እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት። ጾመኛን እንደሱ የሚያጠግብ የለም። ቀዩን ማባያ ግን ለጋሽ አበጋዝ ጨጓራ አልመክርም። ሽንኩርቱ ብዙ ነው፤ ለአሥር ሰው ለመክተፍ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከምድጃውም ዞር ካሉ ያርራል።

በሳራም አለ፤ የባቄላ ክክ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ። ከሽሯችን ጋር ይዛመዳል። የትም ስትገቡ «ሲያሚ» በሉ፤ የክርስቲያን የጾም ምግብ ማለታችሁ መሆኑ ይገባቸዋል።

ባቡሩ ደረሰ። እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ወርቅአፈራሁ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቄ፤

ድካምሽን እሱ ያቅልልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታው። እኛ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ በአቶ አበጋዝ ስልክ እንደመጣ ለማኅበሩ ሁሉ ተነበበ። ስለ ጨጓራው የጻፍሽውን አቶ አበጋዝ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እናትሽም ሳቀች። «ሁለቴ መልቀም ነው» የሚለው ላይ ከደረስን ወዲያ ግን አልሳቀችም።

እኔም እንደ መምህርነቴ አንድ ነገር ታዘብኩ። የጻፍሽው እንደሚበላ ሰው ሳይሆን እንደሚሠራ ሰው ነው። ሆቴል የሚሠራ ሰው ባቄላ እንደሚለቅም አላውቅም ነበር፤ መቼም የሆቴል ሥራ ብዙ ዓይነት ነው።

አሁን ደግሞ ጾሙ ከተፈታ በኋላ የሚበሉትን ጻፊልኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከደሴ የሄደ ሌላ ማኅበር ያሳተመው ወረቀት ላይ «የግብፅ የመጀመሪያው ምግብ ሙሉኽያ ነው፤ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ» ይላል። አንቺ አልጠቀስሽውም። ቅጠል ከሆነ የጾም ነው አይደል? እናትሽ ስሙን ስትሰማ «እሱን ነው የምበላው» ብላለች፣ ጎመን ወዳድ መሆኗን ታውቂያለሽ።

አጎትሽ አድማሴ


ሮተርዳም፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አጎቴ ለጋሽ አድማሴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ከወር በላይ ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሥራ ባልደረቦቼ የበጋ ዕረፍት ወጥተው የአዛውንቱ ሁሉ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ፤ ወገቤም አስቸግሮኝ ነበር። ሐኪሙ «ዕረፊ» አለኝ። እንዴት እንደሚታረፍ ግን አልነገረኝም።

የፍስኩ ይኸውልዎት። ማሕሺ ሩዝና ሥጋ በወይን ቅጠል፣ በጥቅል ጎመን ወይም በቃሪያ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው፤ ያለ ሥጋም ስለሚሠራ እየጠየቃችሁ ብሉ። ሐዋውሺ የተፈጨ ሥጋ ዳቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ምድጃ የገባ ነው። ፈጢር በቅቤ የተነባበረ ቂጣ ነው፤ አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል። ኡም ዓሊ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ፣ ወተት፣ ስኳርና ለውዝ ያለበት ነው፤ ሽማግሌ ይወደዋል። ፈሲኽ የሚባለውን በጨው የከረመ ዓሣ ግን እንዳትነኩት፤ ሆዱ ያልለመደው ሰው ይታመምበታል።

ሌላ የማስታውሰው የለኝም። ብዙ ዓመት ሆነኝ።

ጋሼ፣ እማዬ ባትሄድስ? እግሯ ያብጣል። ከካይሮ እስከ ገዳሙ በአውቶብስ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ምግቡም ላይስማማት ይችላል። ቁስቋም እንደሁ እናንተም ጋ ታቦቷ አለች። እስቲ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔን አትሰማኝም።

ልጅዎ ወርቅአፈራሁ


ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወርቄ፤

አዲሱን ዓመት የዕረፍት ያድርግልሽ፤ ከምርቃት ሁሉ አንቺን የሚያስፈልግሽ እሱ መሰለኝ።

እናትሽን እንዳትሄድ እንድነግራት ጻፍሽልኝ። ጫማ ገዝታለች። ጫማ የገዛችን ሴት ማን ያስቀራታል?

የሙሉኽያን ጥያቄ ባዶ ትተሽዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ተሳስቶ ከሚመልስ ተማሪ ይልቅ ባዶ የሚተው እንደሚያናድደኝ አንቺው ታውቂያለሽ፣ ከፊት ወንበር ነበርሽና። መጽሐፉ መስከረም 20 ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከዚያ ካልመለስሽልኝ ቅጠል ነው፣ የጾም ነው ብዬ አስገባዋለሁ።

አድማሴ


ሮተርዳም፣ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ አድማሴ፤

የእመቤታችን ጾም ዛሬ ገባ፤ በረከቷ አይለያችሁ። ይህን ደብዳቤ በጋሽ አበጋዝ ስልክ አልላክሁትም። በሐምራዊት ክርስትና እናት በፀጋ እጅ ነው የሚደርስዎት፤ አዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት ስለመጣች ደብረ ብርሃን ድረስ ታመጣልዎታለች። ለብቻዎ ያንብቡት። ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ።

ሙሉኽያ የጾም አይደለም። ቅጠሉ ቅጠል ነው፤ የሚበስለው ግን በሥጋ መረቅ ነው። በዶሮ ይሠሩታል፤ ባለሙያ ነን የሚሉት ግን በጥንቸል ነው፣ እነሱ አርነብ ይሉታል። ቅጠሉ ከተከተፈ በኋላ መረቁን ስለሚጠጣው ዓይን አይለየውም። አርባ ሁለት ሰው በጽጌ ጾም ጥንቸል ሊበላ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው እሑድ ሐምራዊትን ይዤ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር አንድ የግብፅ ምግብ ቤት ሄድኩ። ምናልባት እዚህ አገር ጥንቸል ሳይገባበት ይሠሩት እንደሆነ ጠይቄ ልጽፍልዎት ነበር። ጋሼ፣ ሙሉኽያ ሲሠራ ነጭ ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ሲገባ የምትሠራው ሴት ትንፋሿን ስባ «ህእ!» ማለት አለባት፤ ካላለች አይጣፍጥም ይላሉ። ማዳሜ በር ላይ ቆማ ካልሰማችኝ ታስደግመኝ ነበር። እናም ተቀምጠን ሳለ ከወጥ ቤት «ህእ!» ሲባል ሰማሁ፤ እኔም ሳላስበው ከወንበሬ «ህእ!» አልኩ።

«ማማ፣ ዋት ዱ የ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሐምራዊት።

ባለቤቱ ሰውዬ ሳቀና በአረብኛ «ካይሮ የማን ቤት ነበርሽ?» አለኝ። ሆቴል አላለኝም። አይቶ አወቀኝ።

«ምን አለሽ?» አለች ልጄ።

«ጨው ይጨመር ወይ አለኝ» አልኳት።

ሳህኑ ሲመጣ የጥንቸል ነው አለ። ከፊቷ ሳብኩት። «አንቺ በልተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥንቸል ለእሷ የጎረቤት ልጅ በረንዳ ላይ የሚያሳድገው ነገር ነው። እስከዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ አልኳት። ከእሷ ቀጥሎ እርስዎ ሁለተኛው ሰው ነዎት።

ሆቴል አልነበረም። ሆቴል የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያመጡት እርስዎ ነበሩ፤ እኔ አላረምኩዎትም። ሰው ቤት ነበርኩ። ፓስፖርቴ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። የምበላው ከድስቱ የተረፈውን ነው። አርነብ የተሠራ ቀን መጀመሪያ መጀመሪያ ደረቅ ዳቦ በልቼ እተኛ ነበር። ሁለት ወር ሞከርኩ። ከዚያ ራበኝና በላሁ። ከዚያ ቤት እስክወጣ ሦስት ዓመት በላሁ፤ በዐቢይ ጾምም ዓርብም ሳይቀር በልቻለሁ። እየበላሁ እጄን አፌ ላይ አድርጌ አለቅስ ነበር፤ ኋላ ኋላ ማልቀሱም ቀረ።

ይህን ለነፍስ አባት መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ነፍስ አባት አልያዝኩም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ በር አካባቢ ቆሜ እመለሳለሁ። ሐምራዊትን የምታቆርባት ፀጋ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አገር ቤት ስመጣ እማዬ ወደ ነፍስ አባቷ ልትወስደኝ ስትል አሞኛል ብዬ የተኛሁት አላመመኝም ነበር።

ሙሉኽያን ከመጽሐፉ ያውጡልኝ። ለእማዬ ግን አይንገሩብኝ። እሷ ፊት ንጹሕ ሆኜ መቅረት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ወርቅአፈራሁ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቅአፈራሁ፤

ይህን መልስ በፀጋ እጅ ልኬልሻለሁ። ደግ ሴት ናት፤ ምሳ ብላት እምቢ አለችኝ።

መጽሐፉ ታትሞ ነበር። አርባ አምስት ቅጂ፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ሙሉኽያ፤ ቅጠል ነው፤ የጾም» ይላል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ አንድ በአንድ ማረም ጀመርኩ። «የጾም አይደለም። አርነብ ካሉ ጥንቸል ነውና ይለፉት» ብዬ አርባ አምስት ጊዜ ጻፍኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሰው ደብተር ላይ ያሠመርኩበት ቀይ ቀለም ዞሮ ራሴ ላይ መጣ። ይገባኛል።

ይገባኛል ያልኩት ስለ ቅጠሉ አይደለም። ካይሮ በሄድሽ በሦስተኛው ዓመት ከዚያ የተመለሰች የሰፈር ልጅ ምን እየሠራሽ እንደነበር ነግራኛለች። «ትሂድ፣ ትምህርቷን እዚያ ትጨርሳለች» ብዬ እናትሽን ያሳመንኳት እኔ ስለነበርኩ እውነቱን ማውጣት ከበደኝ። ሆቴል አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ደጋገምኩት፤ ብዙ ስደጋግመው እኔም አመንኩት። ወርቄ፣ ይቅር በዪኝ። መልስ አልጠብቅም፣ ስትችዪ ብቻ።

እያረምኩ ሳለሁ እናትሽ መጣች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፤ ዛሬ ተጸጸትኩ። ቀዩን አነበበችው።

«ጥንቸል መሆኑን ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ወርቄ» አልኩ።

«እሷ በምን አወቀች?»

አልነገርኳትም። አደራሽን ጠብቄ ዝም አልኩ። አንዱን መጽሐፍ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

ጥቅምት 28 እንነሣለን። በጸሎት አስቢን።

አጎትሽ አድማሴ


ካይሮ፣ ኅዳር 8 ቀን

ወርቄ፤

እናትሽ ነኝ፣ እናትነሽ። ሰላም ላንቺና ለልጅሽ ይሁን። እጄ መጻፍ ስለረሳ ፊደሉ ቢገዝፍ አትሳቂብኝ። የምጽፍልሽ በአጎትሽ መጽሐፍ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ነው። አበጋዝ እንዳያነበው የሆቴሉ ልጅ በፖስታ ይልክልኛል።

አጎትሽ ምንም አልነገረኝም። ዝም ሲል ነው ያወቅሁት። የጠረጠርኩት ግን ባቄላው ሁለቴ ይለቀማል ያልሽ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አሞኛል ብለሽ ነፍስ አባቴ ጋ ያልሄድሽበትም አሁን ገባኝ።

ቁስቋም ደረስን። እግሬ አብጦ ነበር፣ እዚያ ስደርስ ረሳሁት። ስምሽን አስጠራሁ። ከቅዳሴ በኋላ አብረውን የመጡትን ቀሲስ አሳምነውን ለብቻ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ ሰው ቤት ሆና፣ ርቧት የማይበላ ብትበላ ቀኖናዋ ምንድነው አልኳቸው። የማን ልጅ ናት አሉኝ። የኔ ናት አልኩ። እሷ ራሷ ለነፍስ አባቷ ትናገር እንጂ ንስሐ በተላላኪ አይሆንም አሉኝ። መናገር እኮ አቅቷት ነው ብላቸው፣ ምን ላድርግ እማማ፣ ሕጉ ነው አሉ።

ትናንት ካይሮ ተመለስን። ጾሙ ተፈቷል። ሌላው ሁሉ ዶሮ አዘዘ። እኔ መጽሐፉን ገጽ አሥራ አንድ ላይ ገለጥኩና አጎትሽ ይለፉት ያለውን ስም እያነበብኩ «ሙሉኽያ፣ አርነብ» አልኩት አስተናጋጁን። አድማሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። መጣልኝ። በዳቦ አጥቅሼ አንድ ጉርሻ በላሁ። አንድ ብቻ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለጥንቸሉ አይደለም። እኔ ቤት ጎመን ሞልቶ፣ አንቺ እሱን ላለመብላት ስንት ሌሊት፣ አላውቅም፣ ጦምሽን ስትተኚ ታየኝ።

ተነሥቼ ቀሲስ ጋ ሄድኩ። አሁን የራሴ ኃጢአት ነው፣ ይስሙኝ አልኳቸው። እያወቅሽ ነው የበላሽው? አሉኝ። እያወቅሁ ነው፤ እሷም እያወቀች ነው የበላችው፤ ልዩነቱ እኔ አልራበኝም አልኳቸው። ከዚያ ሰባት ቀን ጾም፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ይኸው ነው ወርቄ። ይህን ሁሉ ዓመት ከነፍስ አባት ያራቀሽ ይኸው ነው።

ዛሬ ጀምሬዋለሁ። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ የነቢያት ጾም ስለሚገባ አንዱን ከአንዱ አያይዤ እገፋዋለሁ። አንቺም ነፍስ አባት ያዢና ተናገሪ። የአንቺ ቢበዛ እንኳ ብቻሽን አይደለሽም፤ ስትሰግጂ እኔም እዚህ እሰግዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሐምራዊትን ራስሽ አቁርቢያት። አጎትሽንም ይቅር በዪው፤ ምግብ አልበላ ብሎናል።

ሌላ አንድ ነገር። ጨው ያንሰዋል። አንቺ ስትሠሪው እንዲህ ነበር?

እናትሽ